ቡናውን የሚያጠላው ዛፍ የማን ነው?

የደን ውጤት ሲባል

የደን ውጤት ስል አብዛኞቻችሁ ጣውላ፣ አጣናና ከሰል ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ግን ወለጋ ላይ ከጫካ ወጥቶ ባሕር የሚሻገረው ዋናው ነገር ቡና ነው። ከጊምቢና ከነጆ ወገን የሚሰበሰበው ቡና በዓለም ገበያ የሚጠራው በነቀምቴ የቀድሞ ስም፣ «ለቀምት» ተብሎ ነው። አብዛኛው የሚበቅለው በሰሳ፣ በዋንዛ፣ በብሳናና በግራር ጥላ ሥር ነው። ደምቢ ዶሎን አልፎ ባለው የአንፊሎ ደን ውስጥማ ማንም ያልተከለው ቡና ዛሬም አለ።

ምንጣሮ

ቡና ጥላ ይወዳል፤ ጥላው ሲበዛ ግን ፍሬው ይቀንሳል። ስለዚህ ገበሬው ለቀማ ከመድረሱ በፊት ገጀራውን ይዞ ይገባና ከቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል። ቁጥቋጦው ሲታጨድ የዋንዛውና የቀረሮው ቡቃያም አብሮ ይሄዳል። በዓመቱ እንደገና፣ በዓመቱ እንደገና። ትልልቆቹ ዛፎች አይነኩም፤ ከአውሮፕላን ብታዩት ደኑ እንዳለ ነው። ከሥሩ ቆማችሁ ዙሪያውን ስታዩ ግን የጣት ውፍረት ያለው የዋንዛ ልጅ ለማግኘት መፈለግ ሊኖርባችሁ ይችላል። እነዚያ ሽማግሎች አንድ ቀን ሲወድቁ የሚተካቸው የለም።

ገበሬውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ለቡናው የሚከፍለው ነጋዴ አለ፤ ለችግኙ የሚከፍለው ማነው?

ሕጉ

መሬት ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ በግል አይያዝም፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ስማቸውን ጠርቶ ከለከለ። በ1999 ዓ.ም. የመጣው አዋጅ 542 ደንን የመንግሥትና የግል ብሎ ለሁለት ከፈለው። የማኅበረሰብና የማኅበር ደን በሕግ የታወቁት በ2010 ዓ.ም.፣ በአዋጅ 1065 ነው። ዘግይቷል፤ ሰፈርተኛው ደኑን ሲጠብቅም ሲቆርጥም የኖረው ከዚያ በፊት ነበርና።

የደን ውጤት ከቦታ ቦታ ለማጓጓዝ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወረቀቱን ለማውጣት የሚለፋው ሐቀኛው ነው፤ ሌሊት የሚጭነው በኬላው ዙሪያ መንገድ አያጣም። በጓሮው ያበቀላት ዋንዛ ጣጣ እንደምታመጣበት የሚያስብ ሰው፣ ቡቃያዋን በልጅነቷ ቢነቅላት ይገርማል? ባሕር ዛፍን ተመልከቱ። ሲተክለው የራሱ፣ ሲሸጠውም የራሱ እንደሆነ ያውቃል፤ እናም በነቀምቴ ዙሪያ ዓይናችሁ እስኪሰለች ታዩታላችሁ።

ቡናው ማሳውን የጣለበት መንገድ

ገበሬው ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ ያስረክባል። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ በኋላ አቅራቢው ጊምቢ ባለው መጋዘን ያስገባ ነበር፤ እዚያ በደረጃና በአካባቢ ይመደብና ከሌላው ጋር ይቀላቀል ነበር። ላኪው የሚገዛው «ለቀምት፣ ይህን ያህል ደረጃ» የሚል ወረቀት ነበር። ጥላውን ጠብቆ ያቆየው ሰውና መንጥሮ የጨረሰው ሰው በአንድ ጆንያ ገቡ። የ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051 ምንጩ የታወቀ ቡና በቀጥታ የሚሸጥበትን በር ከፍቷል፤ ብዙው አነስተኛ ገበሬ ግን አሁንም የሚያውቀው ሰብሳቢውን ነው።

አውሮፓ ምን ጠየቀ?

የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ገዢው የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ ማቅረብ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ወሰኑ በሙሉ። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድም ሁለቴ ተራዝሟል። መራዘሙ ለእኛ እፎይታ ነው፤ የወለጋን ማሳ አንድ በአንድ መመዝገብ ቀላል አይደለምና።

ደንቡ ገበሬውን ከጆንያው መልሶ ያወጣዋል፤ ይህን እወድለታለሁ። ነገር ግን ቡናን በተመለከተ የሚጠይቀው ደኑ ወደ እርሻ ተለውጧል ወይ ብሎ ነው። ሥር ያለውን ቡቃያ አይጠይቅም፤ ሳተላይቱም አያየውም። ያንን ማየት የሚችለው ገጀራ የያዘው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ደን ለጠበቀ ቡና የሚከፈል የዋጋ ጭማሪ እሱ ዘንድ ካልደረሰ ካርታው ለገዢው መዝገብ ብቻ ይቀራል።

የቤት ሥራ

በየቤተሰባችሁ ወይም በጎረቤት የቡና ማሳ ገብታችሁ ከጉልበት በላይ፣ ከቁመታችሁ በታች የሆኑ የአገር በቀል ዛፍ ልጆችን ቁጠሩ። ከዚያ ባለቤቱን በአክብሮት ጠይቁ፤ በምንጣሮ ጊዜ የትኛውን ይተዋሉ? ለምን? አንድም ካላገኛችሁ «ዜሮ» ብላችሁ ጻፉ፤ እሱም መልስ ነው። በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ቁጥራችሁን በነቀምቴ አቅራቢያ ካለው የኮምቶ ደን ጋር እናነጻጽራለን።