የድንጉላ ማስታወቂያና የገበሬው ስጋት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኒው ሳውዝ ዌልስ

ኒው ሳውዝ ዌልስ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ የማዳቀያው ወቅት ሲቃረብ የገጠር ጋዜጦች የቶሮብሬድ ድንጉላዎችን ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። ማስታወቂያዎቹ ለዘር ሐረግ ጥናት ይጠቅማሉ፤ ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ግን በግርጌያቸው የሰፈረው የክፍያ ውል ነው።

ዋጋው በጊኒ ይቈረጣል፤ የባልደራሱ ድርሻ ለብቻው ይከፈላል። ባዝራዋ በባለድንጉላው መስክ ብትሰነብት የግጦሽ ሒሳብ ይታከላል፤ ብትጎዳ ግን ባለድንጉላው ኃላፊነት አይወስድም። ካልፀነሰች በቀጣዩ ዓመት በነፃ እንድትመለስ የሚፈቅዱም ነበሩ። እርግዝናው 11 ወር ያህል ይፈጃል፤ ውርንጭላው ለኮርቻ እስኪደርስ ደግሞ ዓመታት ያልፋሉ። ባዝራውን ያስጠቃ ገበሬ እንግዲህ ገንዘቡን የሚያወጣው ገና ላልታየ ትርፍ ነው።

ክፍያውን በእሽቅድምድም ፍቅር ብቻ ማስረዳት ያዳግታል። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1866 የመጀመሪያውን የሲድኒ ዋንጫ ያሸነፈው ያተንደን፣ የ1880ውን የሜልበርን ዋንጫ ያሸነፈውን ግራንድ ፍላኔርን አስገኝቷል። ተራ ባዝራ ያለው ገበሬ ግን ከዋንጫ ይልቅ የሚያስበው ለሕንድ ጦር ፈረስ የሚገዙትን ነጋዴዎች ነበር። በቅኝ ግዛቲቱ ስም «ዌለር» የተባሉት እነዚህ ፈረሶች ብዙዎቹ የቶሮብሬድ ደም ነበራቸው።

እንዲህ ላለው ገበሬ፣ በባልደራስ እየተመራ በተወሰነ ቀን ከመንደር መንደር የሚዞረው ድንጉላ ይቀርበው ነበር። ስለ ፈረሱ ጤንነት በጋዜጣ የሚመሰክረው ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ፣ ገበሬው ከመክፈሉ በፊት የድንጉላውን እግርና አተነፋፈስ በዓይኑ የሚያይበት ዕድል ይህ ነበር።