ካሚዮን በዳገት ላይ ለምን ይደክማል?

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ነገር በከተማ ለሚኖር ተማሪ ተራ የመካኒክ ወሬ መስሎ ይታየው ይሆናል። በወግዲና በመካነ ሰላም አገር ለሚያርስና ለሚነግድ ሰው ግን የዓመት ኑሮው የሚመዘንበት ጉዳይ ነው። ወግዲ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ዳር፣ ከዓባይ ሸለቆ በላይ የሚገኝ አገር ነው። ከዚያ ወደ ደሴ ጤፍ የሚጭን መኪና የለጋምቦን ደጋ ማቋረጥ አለበት፤ በዚያ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ብዙ ነው። ወደ ጎጃም የሚሻገር እንደ ሆነ ደግሞ የዓባይን ቆላ ወርዶ ዳግመኛ መውጣት አለበት። በእንዲህ ያለ መንገድ ሞተሩ የደከመ ካሚዮን ጭነቱን በጊዜው አያደርስም፣ ናፍታም ይፈጃል። ይልቁንም በዳገት መካከል ቆሞ ወደ ኋላ የተንሸራተተ እንደ ሆነ የሰው ሕይወት ያጠፋል።

እንዲህ ያለ ድካም ሲታይ የተለመደው ፍርድ «ፖምፓው ነው» ወይም «ተርቦው ሞቷል» የሚል ነው። ፖምፓው ይፈታል፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል፣ ባለመኪናውም ብዙ ገንዘብ ያወጣል። መኪናው ተገጥሞ ሲነሣ ግን ድካሙ እንደ ነበረ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የእኛ አሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦ የሚፈታው ዕቃ ሳይታወቅ መፍቻ መነሣት የለበትም። ሞተር ጉልበት እንዲሰጥ አየር መግባት፣ ናፍታ መድረስ፣ ጭስም መውጣት አለበት። እነዚህን ሦስቱን በተራ የመረመረ ሰው ጥፋቱን ብዙ ጊዜ በርካሹ ዕቃ ላይ ያገኘዋል።

1ኛ. ተርቦ ምን ይሠራል?

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1897 በሚገባ የሚሠራ ሞተር አሳየ። በዚህ ሞተር ውስጥ ካንዴላ የለም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ራሱ ስለሚግል ናፍታው ሲረጭበት ይቀጣጠላል። አንድ ኪሎ ናፍታ በሙሉ ለመቃጠል 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ በሥራ ላይ ደግሞ አየሩ ከዚህም መትረፍ አለበት። ስለዚህ አየር ላነሰው ሞተር ናፍታ ቢጨመርለት የሚበዛው ጭሱ ነው እንጂ ጉልበቱ አይደለም።

አልፍሬድ ቢዩሂ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ በ1905፣ በዚያው በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ለዚህ መላ አስመዘገበ። በከንቱ የሚወጣው ጭስ አንድ መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ጫፍ ያለው ሌላ መዘውር ደግሞ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ተርቦ የምንለው ይህ ነው። የካሚዮን ተርቦ በደቂቃ ወደ 100000 ዙር ሊደርስ ይችላል፤ ዘንጉም የሚዞረው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። አገራችንን ለብዙ ዘመን ያገለገለው ፊያት 682 ኤንትሬ ተርቦ አልነበረውም። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ ግን አለው።

2ኛ. የተራራው ድርሻና የብልሽቱ ድርሻ

የአየር ግፊት በባሕር ወለል 1013 ሚሊባር ሲሆን በ2600 ሜትር ከፍታ ወደ 740፣ በ3000 ሜትር ደግሞ ወደ 700 ሚሊባር ይወርዳል። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር 2600 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ተርቦ ያለው ከዚህ ብዙውን ይመልሳል፤ ሁሉን ይመልሳል ማለት ግን አይደለም።

በምሳሌ እንየው። አንድ ተርቦ የውጭውን አየር ሁለት እጥፍ ያምቃል እንበል። በባሕር ወለል ውጭው 1 ቢሆን ወደ ሞተሩ የሚገባው 2 ይሆናል፤ መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለ ሆነ 1 ላይ ይቆማል። በ2600 ሜትር ግን ውጭው 0.73 ነው፤ እጥፉ 1.46 ይሆናል፣ መለኪያውም 0.73 ላይ ይቀራል። በተግባር ሲታይ በቀጭን አየር ተርቦው ፈጠን ብሎ ስለሚዞር ልዩነቱ ከዚህ ያንሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ደኅናውን ተርቦ ብልሹ ነው ብሎ ይፈርድበታል።

ስለዚህ መኪናው ከራሱ ጋር ይወዳደር። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት፣ ባለፈው ወር በስንተኛ ማርሽ ይወጣ ነበር? ዛሬስ? ተራራ ባንድ ሌሊት አይረዝምምና ልዩነት ከተገኘ ብልሽት አለ ማለት ነው።

3ኛ. ጥያቄና ጭስ

አስቀድሞ ሾፌሩን መጠየቅ ይገባል። ድካሙ በድንገት መጣ ወይስ ቀስ በቀስ? ናፍታ ከሞላ በኋላ ነው ወይስ አንድ ዕቃ ከተለወጠ በኋላ? የሞተሩ ዙር እየጨመረ መኪናው የማይፈጥን እንደ ሆነ ጥፋቱ የፍሪሲዮን መንሸራተት ነው እንጂ የሞተር አይደለም። ከመንኰራኵሮቹ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነም ፍሬኑ ይዞታል ማለት ነው።

ቀጥሎ በጭነት ዳገት ሲወጣ ጭሱን እንመልከት። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ናፍታ መብዛቱን ይነግረናል። መኪናው ደክሞ ጭስ ካላወጣ የናፍታ እጥረት እንጠርጥር። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚወጣ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃ ነው። ሰማያዊው ጭስ የዘይት መቃጠል ምልክት ነው፤ ዘይቱም በተርቦው በኩል የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

4ኛ. የምርመራው ተራ

ሀ. አየር። የአየር ማጣሪያው ይውጣና ይታይ፤ በአቧራ መንገድ የሚሠራ መኪና ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። ከተርቦው እስከ ሞተሩ ያሉት የጎማ ቱቦዎችና የአየር ማቀዝቀዣው ይፈተሹ። ቱቦው በተሰነጠቀበት ወይም ማሰሪያው በላላበት ቦታ ቅባት ያዘለ ጥላሸት ይታያል፣ በጭነትም ጊዜ የፉጨት ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የተርቦው ዘንግ በጣት ይዞር። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቁ የተፈጥሮው ነው፤ መዘውሩ ቤቱን የሚነካ ከሆነ ወይም ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ግን ተርቦው ተጎድቷል። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ግን እጅን ወደ ተከፈተ ተርቦ ማስጠጋት ጣትን ማጣት ነው።

ለ. ናፍታ። ማጣሪያው ይታይ፤ በሥሩ ያለው ውሃ ይፍሰስ። ናፍታ በበርሜልና በጀሪካን በሚቀዳበት ቦታ ውሃና ቆሻሻ የተለመደ ነው። ከታንኩ የሚመጣው ቱቦ አየር ይስብ እንደ ሆነ ይመርመር። የታንኩ መተንፈሻ የተደፈነ እንደ ሆነ ደግሞ መኪናው ሲነሣ ደኅና ሆኖ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይደክማል፤ ክዳኑ ላላ ሲደረግ ጉልበቱ ከተመለሰ ምክንያቱ ታወቀ።

ሐ. ጭስ መውጫ። ቁልቁለት ሲወርድ ጭሱን አፍኖ ሞተሩን የሚይዝ መዝጊያ በብዙ ካሚዮኖች ላይ አለ። ይህ መዝጊያ በጥላሸት ተይዞ ሳይከፈት የቀረ እንደ ሆነ፣ ወደ ዓባይ በደኅና የወረደው መኪና ሽቅብ ሲመለስ ይደክማል። ከተርቦው በፊት ባለው የጭስ መስመር መፍሰስ ካለም ተርቦውን የሚያዞረው ጉልበት በሜዳ ይቀራል።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው ከተገኙ ብቻ ወደ ቫልቭ ልክ፣ ወደ ናፍታ መርጫዎቹ፣ ወደ ሲሊንደሩ እመቃና ወደ ፖምፓው እንሄዳለን። በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዘው ሞተር ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድሞ በመሣሪያ ይነበብ።

5ኛ. አንድ ምሳሌ

መካኒካዊ ፖምፓ ያለው አንድ ካሚዮን ወደ ወግዲ ደጋ ሲወጣ በድንገት ደከመ እንበል። ጭስ የለውም። የናፍታ ማጣሪያው አዲስ ነው፣ ታንኩም ንጹሕ ነው፣ ተርቦው በደኅና ይዞራል፣ የጭሱ መዝጊያም ክፍት ነው። ጭስ ስለሌለው ናፍታ አንሶታል፤ ታዲያ ፖምፓው ይፈታን? ገና ነው። በብዙ እንዲህ ባሉ ፖምፓዎች ላይ ከአየር ማስገቢያው የሚመጣ አንድ ቀጭን ቱቦ አለ። ፖምፓው የተርቦውን ግፊት የሚያውቀው በዚህ ቱቦ ነው፤ አየር ሲበዛ ናፍታ ይጨምራል፣ ሲያንስ ይቀንሳል። ቱቦው ቢሰነጠቅ ፖምፓው ተርቦው እንዳልሠራ ይቈጥርና ናፍታውን ይቈጥባል። እንግዲህ ጥፋቱ የአንድ ቀጭን ቱቦ ሆኖ ሳለ ከባዱ ፖምፓ ደሴ ሊሄድ ነበር ማለት ነው።

6ኛ. ማስጠንቀቂያ

ድካሙን በአቋራጭ ለማዳን የፖምፓውን ብሎን አዙሮ ናፍታ መጨመር አደገኛ ነው። መኪናው ለጥቂት ቀን የበረታ ይመስላል። ነገር ግን አየሩ ካልተጨመረ ትርፉ ናፍታ ጭስና ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱም ፒስተን ያቀልጣል፣ ተርቦውን ይሰነጥቃል። በአንጻሩ ከረዥም ዳገት በኋላ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፉ ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ማቆየት ምንም የማያስወጣ የተርቦ ጥበቃ ነው፤ ሞተሩ በትኩሱ ሲጠፋ በዘንጉ ዙሪያ የቀረው ዘይት ይከስላልና።

ከዚህ ጋር እያንዳንዱ ካሚዮን አንድ ደብተር እንዲኖረው እንመክራለን። ቀኑ፣ ዳገቱ፣ ጭነቱ፣ ማርሹ፣ የጭሱ ቀለምና የተለወጠው ዕቃ ይጻፍበት። በክረምት ዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ ይህን ደብተር ለአንድ ሾፌር አስጀምረን ብንመጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መካኒኩ ሥራውን የሚጀምረው በግምት ሳይሆን በተጻፈ ማስረጃ ይሆናል።