በአንድ ቁና እንስፈር
(ስለ መንግሥት ጨረታ)

እኛ የጎጃም ገበሬዎች ቁና እናውቃለን። ከጮቄ ተራራ ሥር ገብስና ድንች፣ ወረድ ሲል ደግሞ ጤፍና ስንዴ እናመርታለን። እህላችንን ጭነን ደብረ ማርቆስ ገበያ ስንወጣ ከሁሉ አስቀድመን የምናየው የነጋዴውን መስፈሪያ ነው። ሲገዛ በትልቅ ቁና፣ ሲሸጥ በትንሽ ቁና የሚሰፍር ካለ ወሬው ባንድ ቀን ገበያውን ያዳርሳል። ሁለት ቁና ያለውን ሰው ማንም አያምነውም።

መንግሥትም እንደኛው ገበያ ይወጣል። የመንግሥት ገበያ ጨረታ ይባላል። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲፈልግ ማስታወቂያ ያወጣል። መሥራት የሚፈልጉ ሁሉ አሠራራቸውንና ዋጋቸውን ጽፈው፣ በፖስታ አሽገው ያስገባሉ። እነዚህ ሰዎች ተጫራቾች ይባላሉ። ኮሚቴ ተቀምጦ ያወዳድራል፤ የበለጠው ያሸንፋል።

ዛሬ መንግሥት ከሚገዛቸው ነገሮች አንዱ የቴክኖሎጂ አገልግሎት ነው። ኮምፒዩተር ማስተከል፣ ኔትወርክ መዘርጋት፣ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ማሠራት ማለት ነው።

«ይኼ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። አገባን እንጂ! በ1990ዎቹ በክልላችን የገጠር መሬት ምዝገባ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቀበሌዎች አንዱ በጎዛምን ወረዳ ያለው አዲስና ጉሊት ነበር። ያኔ መሬታችን በወረቀት መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ደብተርም ያዝን። ከዚያ ወዲህ የመሬት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። ፕሮግራሙን ችሎታ የሌለው ድርጅት በዝምድና አሸንፎ ቢሠራው የሚጎዳው ማን ነው? ገበሬው ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ወረዳ ይደርሳል። «ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለስ» ይባላል። የሚባክነው የእርሻ ቀናችን ነው። የሚከፈለውም ከግብራችን ነው።

በአገራችን የሆነውን እንይ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ ዜድ ቲ ኢ ከሚባል የቻይና ኩባንያ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ተዋዋለ። ሥራው ስልክና ኔትወርክ ማስፋፋት ነበር። ኩባንያው ሥራውን ከነብድሩ ይዞ ስለ መጣ ግልጽ ጨረታ አልወጣም። ስልክ በአገሩ ሁሉ መስፋፋቱ አይካድም። ነገር ግን ሌላው ኩባንያ ያንኑ ሥራ በስንት ይሠራው ነበር? የማንኛውስ ዕቃ ይሻል ነበር? ሳያወዳድሩ ይህን ማወቅ አይቻልም። የዓለም ባንክ በ2012 ባሳተመው ጥናት ይህን ያለ ውድድር የተፈጸመ ውል ነቅፎታል። በ2013 ኢትዮ ቴሌኮም ለተጨማሪ ማስፋፊያ 1.6 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ያን ጊዜ ሥራው ለሁለት ኩባንያዎች፣ ለሁዋዌና ለዜድ ቲ ኢ፣ ለእያንዳንዳቸው በ800 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። ብድር ደግሞ ብድር ነው። ከፋዩ አገር ነው፤ አገር ማለት እኛ ነን።

እንግዲህ ጨረታ ሳይወጣ ሲቀር ጉዳቱን አየን። ጨረታ ወጥቶም ቢሆን ቁናው ሊለወጥ ይችላል። ይህን በሒሳብ እንመልከተው። ቁጥሩ ለመማሪያ ያህል የወሰድነው ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ማሠራት ፈለገ እንበል። «ለችሎታ 70 ነጥብ፣ ለዋጋ 30 ነጥብ እንሰጣለን። በችሎታ ከ100 ከ70 በታች ያገኘ ይወድቃል» ብሎ አስቀድሞ አስታወቀ። ሦስት ተጫራቾች ቀረቡ። መጀመሪያ የችሎታው ፖስታ ተከፈተ። ሀ 90፣ ለ 80፣ ሐ 50 አገኙ። ሐ ወደቀ፤ የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰለት። ቀጥሎ የሁለቱ የዋጋ ፖስታ ተከፈተ። ሀ 500,000 ብር፣ ለ 400,000 ብር ጠየቁ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ለ ስለሆነ የዋጋውን 30 ነጥብ በሙሉ ወሰደ። የሀ ዋጋ ከፍ ስላለ፣ 400,000 ለ500,000 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 24 ነጥብ ደረሰው።

ሀ፦ የችሎታ 63፣ የዋጋ 24፣ ድምር 87።
ለ፦ የችሎታ 56፣ የዋጋ 30፣ ድምር 86።

ሀ አሸነፈ። ከዚህ በኋላ ግን ለን የሚወድ አንድ የኮሚቴ አባል ተነስቶ «ለችሎታም ለዋጋም እኩል 50፣ 50 ብናደርገውስ?» ቢልና ቢሰሙት ምን ይሆናል?

ሀ፦ 45 እና 40፣ ድምር 85።
ለ፦ 40 እና 50፣ ድምር 90።

አየን? ወረቀቱ ያው ነው። ችሎታውም ዋጋውም ያው ነው። የተለወጠው ቁናው ብቻ ነው፤ አሸናፊው ግን ተለወጠ። 70 እና 30 ማለትም ሆነ 50 እና 50 ማለት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ እህሉ የማን እንደሆነ ካዩ በኋላ ቁና መለወጥ ነው።

ሌሎች ማታለያዎችም አሉ።

1ኛ. ማስታወቂያውን ለአንድ ሰው ልክ መስፋት። «በሬ እገዛለሁ፤ ቀለሙ ቡሬ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ይሁን» የሚል ገዢ ቢመጣ ምን እንላለን? በመንደሩ እንዲህ ያለ በሬ ያለው አማቹ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ገበያ አልወጣም፤ ተስማምቶ መጥቷል።

2ኛ. የአንዱን ዋጋ አስቀድሞ ለሌላው ሹክ ማለት። ስለዚህ ፖስታ የሚከፈተው በተነገረው ሰዓት፣ በሰው ፊት ነው።

3ኛ. ዘመድን መዳኘት። ወንድሙ የሚወዳደርበት ሰው ከኮሚቴው መውጣት አለበት።

ሕጉ ምን ይላል? የፌዴራል መንግሥት ግዥ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲመራ ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። በሕጉ መሠረት ተጫራች ሁሉ በእኩል ዓይን ይታያል። የሚመዘነው አስቀድሞ በተጻፈው መስፈርት ብቻ ነው። ተበደልኩ የሚል ተጫራች አቤት ማለት ይችላል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በኮምፒዩተር የሚካሄድ የግዥ ሥርዓት መጠቀም ጀምረዋል። ይህ ጥሩ ነው፤ ማን መቼ ምን እንዳደረገ ይመዘገባል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር መስፈርት አያወጣም። መስፈርቱን የሚጽፈውም ነጥቡን የሚሰጠውም ሰው ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚሉ አሉ። ይህ ተረት የሹሙን ሆድ እንጂ የአገሩን ኪስ አያስብም። ከዚህ የሚሻለው «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» ያሉት አባቶቻችን ነው። በትክክል ተመዝኖ የተሸነፈ ሰው በሚቀጥለው ጨረታ ተሻሽሎ ይመጣል። ያለ አግባብ የተሸነፈ ግን ሁለተኛ አይመጣም። ጥሩ ሠራተኛ ሲርቅ የሚቀረው አሞጋሽና ጉቦ ሰጪ ነው። ያን ጊዜ ዋጋው ይወደዳል፤ ሥራው ይበላሻል።

እኛስ ምን እናድርግ? ማንበብ ችለናል፤ እንጠቀምበት። በወረዳ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈን የጨረታ ማስታወቂያ ቆም ብለን እናንብብ። የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ወፍጮ ወይም ሚዛን ሲገዛ አስቀድመን መስፈርቱን በቃለ ጉባኤ እንጻፍ። ዋጋው ከተከፈተ በኋላ አንድ ቃል አንለውጥ። ያላነበብነውን ቃለ ጉባኤ አንፈርም። ከትንሹ ግዥ ላይ በአንድ ቁና መስፈር የለመደ ሰው፣ ትልቁንም በምን ቁና ሰፈራችሁ ብሎ ለመጠየቅ አያፍርም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሐ የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት የተመለሰለት ለምንድን ነው?
2. ሁልጊዜ ርካሹን መምረጥ ትክክል ነው? በወፍጮ ግዥ ምሳሌ አስረዱ።
3. ማኅበራችሁ በቅርቡ የገዛው ዕቃ መስፈርት መቼ ተጻፈ? ከዋጋው በፊት ነው ወይስ በኋላ?