“ለኦቨርክሎኪንግ የተሠራ” ማዘርቦርድ፦ የተጨመረው ዋጋ ምን ይገዛል?

ኮምፒዩተር ገጣጥመው የሚሸጡ ነጋዴዎችም ሆኑ ለድርጅታቸው የሚገዙ ባለሀብቶች በዋጋ ዝርዝር ላይ “ለኦቨርክሎኪንግ የተሠራ” የሚባል ማዘርቦርድ ያጋጥማቸዋል። ዋጋው ከተራው ከፍ ያለ ነው፤ አንዳንዱ እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠራል። ታዲያ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ምን መመርመር አለበት?

ኦቨርክሎኪንግ ማለት ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ ነው። ትርፉ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። በዚያ ዓመት ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለውን ፕሮሰሰር በ149 ዶላር፣ ባለ 450 ሜጋኸርዙን ፔንቲየም 2 ደግሞ በ669 ዶላር የጅምላ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። ሴሌሮኑ የሚሠራው 66 ሜጋኸርዝ የሆነው የባስ ፍጥነት በ4.5 ተባዝቶ በ300 ሜጋኸርዝ ነው። አቢት ቢኤች6 የተባለው ማዘርቦርድ ግን ባሱን ከባዮስ ሜኑ ላይ ወደ 100 ለማሳደግ ያስችል ነበር። 100 በ4.5 ሲባዛ 450 ይሆናል። አብዛኞቹ ቺፖች ይህን ፍጥነት በመቻላቸው የ520 ዶላር ልዩነት በገዢው ኪስ ቀረ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ትርፍ መጠበቅ አይገባም። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ፕሮሰሰሩን ወደ አቅሙ ጫፍ አስጠግተው ይሸጡታል። ሂሳቡም ቀላል ነው። የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር፣ እንዲሁም ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል። ፍጥነቱም ቮልቴጁም 10 በመቶ ቢጨመር ፍጆታውና ሙቀቱ 33 በመቶ ያህል ያሻቅባል። ይህም ትልቅ ማቀዝቀዣ፣ ጠንካራ ፓወር ሰፕላይና ከፍ ያለ ዩፒኤስ ይጠይቃል። ወጪው በማዘርቦርዱ ዋጋ ብቻ አያበቃም ማለት ነው።

ይህን አስልቶ ለመግዛት የወሰነ ሰው የሚከተሉትን ነጥቦች ይመልከት።

1ኛ. ቺፕሴቱ። በኢንቴል በኩል በአጠቃላይ ፍጥነት መጨመር የሚቻለው በስሙ መጨረሻ “ኬ” ያለበት ፕሮሰሰር “ዜድ” በሚል ፊደል ከሚጀምር ቺፕሴት ጋር ሲገናኝ ነው። በኤኤምዲ በኩል ቢ650ና ኤክስ670 ይፈቅዳሉ፤ ኤ620 የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ለመጨመር አይፈቅድም።

2ኛ. ለፕሮሰሰሩ ኮረንቲ የሚያቀርበው ክፍል። ካርቶኑ ላይ “16 ፌዝ” ተብሎ መጻፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እያንዳንዱ ፌዝ ስንት አምፔር እንደሚችልና በላዩ ያለው የሙቀት ማስተንፈሻ ብረት ክብደት ያለው ወይስ ለጌጥ የተለጠፈ መሆኑ ይጣራ።

3ኛ. ፈተናው። ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ በሚያሠራ ፕሮግራም ቢያንስ አንድ ሰዓት ያስኪዱት። ፍጥነቱ በመካከል ከወረደ ወይም ማሽኑ ከጠፋ፣ ቦርዱ ወይም ማቀዝቀዣው አልቻለም ማለት ነው።

4ኛ. ያገለገለ ዕቃ ከሆነ። ያበጠ ካፓሲተር፣ የጠቆረ ቦታና በሶኬቱ ውስጥ የተጣመመ ፒን ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተውት።

5ኛ. ዋስትናው። በኦቨርክሎኪንግ ምክንያት የደረሰ ጉዳት በፕሮሰሰሩ ዋስትና አይሸፈንም። ሻጩ ራሱ ፍጥነቱን ጨምሮ የሚያስረክብ ከሆነ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ይውሰድ።

ገዢው ምንም ሳይነካ እንኳ አደጋ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ ማዘርቦርዶች ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ በመስጠታቸው ራይዘን 7000ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ተቃጥለው፣ ኤኤምዲ የአንደኛውን ቮልቴጅ ጣሪያ 1.3 እንዲሆን ወስኗል። በ2024 ደግሞ ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ በመጠየቃቸው እንደሚጎዱ አስታውቆ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። ሁለቱም ችግሮች በባዮስ እድሳት እንዲታረሙ ተደርጓል። ስለዚህ አዲስ ባዮስ የማያወጣ አምራች ቦርድ፣ ብረቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ አይገዛም።

በጠቅላላው፣ ለሂሳብ መዝገብና ለጽሕፈት ሥራ ኮምፒዩተር የሚገዛ ድርጅት በዚህ ቦርድ ላይ ገንዘብ ማፍሰሱ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ልዩነቱን ለተጨማሪ ሜሞሪ ወይም ለተሻለ ዲስክ ቢያውለው ይጠቀማል። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ለጌም ወዳጅ የሚሸጥ ነጋዴ ግን አምስቱን ነጥቦች አጣርቶ ቢገዛ ዕቃው በጥያቄ አይመለስበትም።