ዝም ያለው ዐዋጅ ነጋሪ፦ የካራቫጆን «ቅዱስ ዮሐንስ በምድረ በዳ» ስለ መመልከት

ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ዘመን በተለወጠ ቁጥር መስከረም 1 ቀን ስሙን እንጠራለን። በሐሳባችን የሚመጣውም ሕዝቡን ለንስሐ የሚጠራው፥ ንጉሥን ሳይፈራ የሚገሥጸው ነቢይ ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ ከ400 ዓመት በፊት የሣለው ዮሐንስ ግን አንድ ቃል አይናገርም። ይህ ዝምታ ጉድለት ነው ወይስ ትምህርት? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ሚኬላንጀሎ ሜሪሲ በ1571 ተወልዶ በ1610 የሞተ ሲሆን፥ በቤተ ሰቡ ከተማ በካራቫጆ ስም ይጠራል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ሥዕል በ1604 ገደማ በሮማ የሠራው ኦታቪዮ ኮስታ ለተባለ ባለ ባንክ ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት፥ የታሰበው በሊጉሪያ ኮንሼንቴ በምትባል መንደር ለምትገኝ የጸሎት ቤት ነበር፤ ኮስታ ግን ዋናውን ለራሱ አስቀርቶ ወደ መንደሩ ቅጂውን ላከ። ዋናው ሥዕል ከ1952 ጀምሮ በአሜሪካ፥ በካንሳስ ሲቲ ኔልሰን አትኪንስ ቤተ መዘክር ይገኛል።

አሁን ሥዕሉን እንመልከት። አንድ ወጣት ራሱን ዘንበል አድርጎ ተቀምጧል። ወገቡ ላይ የግመል ጠጉር፥ በላዩ ሰፊ ቀይ መጐናጸፊያ፥ በእጁም ከሸምበቆ የተሠራ ቀጭን መስቀል አለ። አክሊለ ብርሃን የለውም፤ በግም አጠገቡ የለም። ከላይ የሚወርደው ኃይለኛ ብርሃን ትከሻውንና ጉልበቱን ያነጣዋል፤ ዓይኖቹ ግን በጥላ ተሸፍነዋል። ምድረ በዳውም አሸዋ ሳይሆን ጨለማና ጥቂት ቅጠሎች ብቻ ነው።

ካራቫጆ በወረቀት ላይ የነደፈው ንድፍ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሕያው ሰው ፊቱ አስቀምጦ፥ ሸራውን አስቀድሞ ጥቁር ቡናማ ቀብቶ፥ ብርሃኑን ከዚያ ጨለማ ውስጥ ያወጣ ነበር።

እንግዲህ አንዳንድ ጓደኞቻችን፦ «ይህማ የሮማ ጎረምሳ እንጂ ቅዱስ አይደለም» ይሉ ይሆናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ቅዱሳን በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት ያዩናል፤ በአንድ ዓይን፥ በጎን የሚሣለው ክፉው ነው። በዚህ ሕግ ላደገ ሰው ዓይኑ የተሸሸገ ቅዱስ ያስደነግጣል። በዚያው በአውሮፓም ቢሆን የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 ቅዱሳት ሥዕሎች ሕዝቡን እንዲያስተምሩ ወስኖ ነበር። ምልክቱ የተቀነሰ ሥዕል ታዲያ ምን ያስተምራል?

መልሱን ከወንጌል እናገኛለን። ሉቃስ እንደሚተርከው ዮሐንስ ለእስራኤል እስከ ታየበት ቀን ድረስ በምድረ በዳ ኖረ። ስለዚያ ረጅም ዘመን ሌላ የተነገረን የለም። ለእኛ እንደሚመስለን ካራቫጆ የመረጠው ይህን ያልተተረከ ዘመን ነው። በ1602 ገደማ በሣለው ሌላ ዮሐንስ ልጁ በግ አቅፎ ይሥቃል፤ በዚህኛው ግን ሣቁም በጉም ቀርተዋል። ወጣቱ የሚናገረውን ገና እየተሸከመ ነው፤ ቀዩም መጐናጸፊያ በሰይፍ የሚፈሰውን ደሙን ያስታውሰናል። የእኛ አገር ሥዕል ቅዱሱ የሚጸልየውን ሰው እንዲመለከት ያደርጋል፤ ካራቫጆ ደግሞ እኛ የሚያስበውን ቅዱስ እንድንመለከት ያደርጋል። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ሚዛን መፍረድ ግን አይገባም።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች፥ በሥዕል ፊት ስንቆም ምን እንደ ተሣለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ተተወም እንጠይቅ። እኛ ገና ሳንማር ለመናገር እንቸኩላለን። ዐዋጅ ነጋሪ የተባለው ዮሐንስ እንኳ ከዐዋጁ በፊት ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ተቀምጧል።