ከባድ ጭነት በረጅም መንገድ፦ በአዳማ ጎዳናዎች ላይ የሚታየው ፊዚክስ

በአዳማ በኩል ያለፈ መንገደኛ ሁሉ በከተማዋ አጠገብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ተሰልፈው የሚሽከረከሩትን የንፋስ ተርባይኖች ሳያስተውል አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2012 ተጠናቆ ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ 34 ተርባይኖች ሲኖሩት፣ በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ስላለው ሁለቱ ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት አቅም ይኖራቸዋል ማለት ነው። ስለ ንፋስ ኃይል ጥቅም ብዙ ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ግዙፍ አካላት እዚያ ኮረብታ ላይ እንዴት ደረሱ?

እስቲ አብረን እናስላ። 136 ተርባይኖች እያንዳንዳቸው ሦስት ክንፍ ሲኖራቸው ጠቅላላ የክንፎቹ ቁጥር 408 ይሆናል። ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ 77 ሜትር ዲያሜትር ስላለው የአንዱ ክንፍ ርዝመት ወደ 37 ሜትር ይጠጋል። ይህ ጭነት ከጅቡቲ ወደብ፣ ማለትም ከባሕር ጠለል ተነሥቶ፣ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽና በመተሐራ አልፎ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት አዳማ መውጣት ነበረበት። ያወጡትም አሽከርካሪዎችና ረዳቶቻቸው ናቸው። እነዚህ ባለሙያዎች በመሪያቸው ላይ ሆነው በየዕለቱ የሚፈቷቸው ችግሮች በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቻችን የምናስተምራቸው የጂኦሜትሪና የፊዚክስ ሕጎች ናቸው። ልዩነቱ በክፍል ውስጥ የተሳሳተ ተማሪ ነጥብ ሲያጣ፣ በመንገድ ላይ የተሳሳተ ሰው ግን ሕይወት ሊያጣ መቻሉ ነው።

ረጅም ጭነት በመታጠፊያ ላይ

አንድ ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ ተከትሎ አይሄድም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ይህን ማንኛውም የከባድ መኪና አሽከርካሪ በልምድ ያውቀዋል፤ ምን ያህል እንደሚቆርጥ ግን በፓይታጎረስ ሕግ ማስላት እንችላለን። ተሳቢው ከጎታቹ መኪና ጋር የሚያያዝበት ነጥብ 50 ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ላይ ይጓዛል እንበል። ከዚህ ነጥብ እስከ ኋላ ጎማዎቹ ያለው ርቀት 10 ሜትር ከሆነ፣ መታጠፊያው ረጅም ሲሆን የኋላ ጎማዎቹ የሚሄዱበት ክብ ሬዲየስ 49 ሜትር ያህል ይሆናል። መቆረጡ አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ የተለመደ ጎዳና ይህን ይችላል።

አሁን ርቀቱን ሦስት እጥፍ እናድርገውና 30 ሜትር ይሁን። 50 በ50 ሲባዛ 2,500 ነው፤ 30 በ30 ደግሞ 900። ልዩነታቸው 1,600 ሲሆን ካሬ ሥሩ 40 ነው። የኋላ ጎማዎቹ በ40 ሜትር ሬዲየስ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ 10 ሜትር ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ ማለት ነው። ርዝመቱ ሦስት እጥፍ ሲጨምር መቆረጡ አሥር እጥፍ ገደማ ጨመረ። በዚያ አሥር ሜትር ውስጥ የእግረኛ መንገድ፣ የመብራት ምሰሶ ወይም የሰው ሱቅ ሊኖር ይችላል።

መፍትሔው የኋላ ጎማዎቹም እንዲታጠፉ ማድረግ ነው። በእነዚህ ረጅም ተሳቢዎች ላይ የኋላ ጎማዎቹ የራሳቸው መሪ አላቸው፤ አንድ ሠራተኛ ከኋላ ሆኖ ይመራቸዋል። የኋላ ጎማዎቹ የፊተኛውን ዱካ እንዲከተሉ ከተደረገ ወደ ውስጥ የሚቆርጠው የተሳቢው መካከል ብቻ ይሆናል፤ እሱም 2.3 ሜትር ያህል ነው። አሥር ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ከሩብ ገደማ ወረደ። ነገር ግን አንድ መኪና ሁለት መሪና ሁለት ሰው አለው፤ ከፊት ያለው ከኋላ ያለውን አያይም። በመካከላቸው ያለው ድልድይ ቃል ብቻ ነው፤ በሬዲዮ የሚነገረው «ቀኝ»፣ «ግራ»፣ «ቁም» የሚሉት ቃላት ካልተሰሙ ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከፍታና ንፋስ

መኪና በመታጠፊያ ላይ የሚገለበጠው ለምንድን ነው? ጭነቱ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ሲሻ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ስለሚስቡት ነው። የጭነቱ የክብደት ማዕከል ከመሬት በራቀ ቁጥር ይህ ግፊት ረዘም ያለ ክንድ ያገኛል፤ በረጅም ዘንግ ድንጋይ እንደ መፈንቀል ያለ ነው። በዳርና በዳር ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 2 ሜትር፣ የመታጠፊያው ሬዲየስ 50 ሜትር ይሁን። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 2 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ መኪናው የሚገለበጠው በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ማዕከሉ ወደ 2.8 ሜትር ከፍ ካለ ግን ይህ ወሰን ወደ 48 ይወርዳል። ይህም መኪናው ድንጋይ የሆነ ያህል ቆጥረን ነው። በእውነተኛው መኪና ላይ ባሌስትራውና ጎማው ስለሚተጣጠፉ ጭነቱም ስለሚያጋድል ወሰኑ ከዚህ ዝቅ ይላል። ከባድ ማሽኖች ወለሉ ወደ መሬት በተጠጋ ሎቤድ ላይ የሚጫኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከላይ ያለው ሽቦ ነው። ጭነቱ ከፍ ባለ ቁጥር በመንገድ ላይ ለተዘረጉት የኤሌክትሪክ መስመሮች ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በ25,000 ቮልት የሚሠራ ሽቦ ከሐዲዱ በላይ ይዞ በአዳማና በመተሐራ አካባቢ ያልፋል። እንዲህ ያለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሳይነካም በአየር ውስጥ ዘሎ ሊመታ ስለሚችል «አልነካሁትም» የሚለው ማመኻኛ አያድንም። ስለዚህ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ከፍታው ይለካል፤ መንገዱም አስቀድሞ ይጠናል።

ንፋሱስ? የአዳማ ኮረብታዎች ለንፋስ ኃይል የተመረጡት ንፋሳቸው ብርቱ ስለሆነ ነው። ተርባይኑ ላይ ሲሰቀል ተፈላጊ የሆነው ንፋስ፣ ክንፉ ገና በመኪና ላይ ሳለ ጠላት ነው። የክንፉ ጎን 60 ካሬ ሜትር ገደማ ነው ብለን ብንገምት፣ በሴኮንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ከጎን ሲመታው 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ያህል ይገፋዋል። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ሆኖ ከአንድ ቶን ይበልጣል። አሽከርካሪው «ንፋሱ እስኪበርድ እንቁም» ሲል ፈርቶ ሳይሆን ሒሳቡን በሰውነቱ ስለሚያውቀው ነው።

ክብደቱና አስፋልቱ

ከባድ ጭነት የሚጎዳው መኪናውን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ በተደረገው ሰፊ የመንገድ ሙከራ፣ አንድ አክስል በአስፋልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት በተሸከመው ክብደት አራተኛ ርቢ እንደሚያድግ ታውቋል። 10 ቶን የተሸከመ አክስል የሚያደርሰውን ጉዳት «አንድ» ብንለው፣ 13 ቶን የተሸከመው ወደ ሦስት ገደማ፣ 20 ቶን የተሸከመው ደግሞ አሥራ ስድስት ይሆናል። ክብደቱ በ30 በመቶ ሲጨምር ጉዳቱ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል።

ይህ ሕግ መፍትሔውንም ያሳየናል። ተሳቢውን ጨምሮ 120 ቶን የሚመዝን ጭነት በ6 አክስሎች ላይ ቢቀመጥ እያንዳንዱ 20 ቶን ይሸከማል፤ ጠቅላላ ጉዳቱ 6 ጊዜ 16፣ ማለትም 96 ይሆናል። ያው ጭነት በ12 አክስሎች ላይ ቢዘረጋ ግን እያንዳንዱ 10 ቶን ስለሚሸከም ጠቅላላ ጉዳቱ 12 ብቻ ነው። የጭነቱ ክብደት ሳይቀነስ ጉዳቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ወረደ። ትልልቅ ትራንስፎርመሮችን የሚያጓጉዙ ተሳቢዎች እንደ መቶ እግር ብዙ ጎማ የሚኖራቸው ለዚህ ነው።

በሞጆና በአዋሽ ያሉት የመኪና ሚዛን ጣቢያዎች የሚመዝኑት ለምን እንደሆነም ከዚህ ይገባናል። ሚዛኑ የእያንዳንዱን አክስል ድርሻ ይመለከታል፤ ጠቅላላ ክብደቱ ትክክል ሆኖ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ከተከመረ ጉዳቱ ያው ነው። በአካባቢያችን ደግሞ ሌላ ችግር ይታከላል። ጥቁር መረሬ አፈር በዝናብ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መንገዱን ሲፈታተን ቆይቷል። ውኃ የጠጣ አፈር የመሸከም ኃይሉ ስለሚቀንስ አስፋልቱ በላዩ ያለፈውን ጭነት ሁሉ የሚቀበለው እንደ ደከመ ትከሻ ነው።

«ፍሬን በጠሰ» ሲባል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። በአርሲ የሚመረተው ስንዴና ገብስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አሰላ ወደ አዳማ ሲወርድ 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ይመጣል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት አደጋ ሲደርስ ሰዎች «ፍሬን በጠሰ» ይላሉ። በብዙ አጋጣሚዎች ግን የተበጠሰ ነገር የለም። ታዲያ ምን ሆነ?

ጭነቱን ጨምሮ 50 ቶን የሚመዝን መኪና፣ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት 5 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 300 ሜትር ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የሚለቀቀው ጉልበት 147 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ጉልበት በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለ 440 ሊትር ውኃ፣ ማለትም ከሁለት በርሜል የሚበልጥ ውኃ፣ እስከ መፍላት ያደርሳል። ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ ይህ ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ከአየርና ከጎማ ሰበቃ የሚገኘውን እርዳታ ለጊዜው ብንተወው፣ ሸክሙን የሚካፈሉት ፍሬኑና ሞተሩ ናቸው።

መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ሙቀቱ በ490 ኪሎ ዋት ኃይል ይመነጫል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ብናስብ፣ 140 ምጣዶች በአንድ ጊዜ እንደ ተጣዱ መሆኑ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ የተያዘው ሞተር ከዚህ 120 ኪሎ ዋት ይሸከማል ብንል ለፍሬኑ 370 ይቀራል። ፍጥነቱ ወደ 30 ሲወርድ ግን ጠቅላላው 245፣ የፍሬኑ ድርሻ ደግሞ 125 ብቻ ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የፍሬኑ ሸክም ወደ ሲሶ ወረደ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ የሚወርድ አሽከርካሪ በአንጻሩ የሞተሩን እርዳታ በገዛ እጁ ጥሎ 490ውን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጭናል።

የጋለ ፍሬን ሁለት ነገር ይደርስበታል። በመጀመሪያ የፍሬን ሸራው የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለተኛም ብረት ሲግል ይሰፋል፤ 40 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው የብረት ታምቡር ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር ዲያሜትሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። ታምቡሩ ከሸራው ይሸሻል ማለት ነው። ሸራውን የሚገፋው የአየር ፍሬን ዘንግ ደግሞ የተወሰነ ርቀት ብቻ ነው የሚሄደው፤ ያ ርቀት ሲያልቅ አሽከርካሪው ፔዳሉን ምንም ያህል ቢረግጥ ትርፍ አያገኝም። አየሩ አለ፤ ፔዳሉም ይሠራል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ከአደጋው በኋላ ፍሬኑ በርዶ ሲመረመር ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ይህን ማወቅ ጥቅሙ ምንድን ነው? «በጠሰ» የሚለው ቃል ድንገተኛ ዕጣን ያመለክታል፤ ሰው ሊከላከለው የማይችል ያስመስለዋል። እውነቱ ግን አደጋው የሚጀምረው ከቁልቁለቱ አናት ላይ፣ ማርሽ በሚመረጥበት ቅጽበት ነው። ነባር አሽከርካሪዎች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» እያሉ ወጣቶችን የሚመክሩት በከንቱ አይደለም። ምክሩ ከላይ ያየነውን ስሌት በአንድ ዓረፍተ ነገር የያዘ ነው። በእርግጥ ጥፋቱ ሁልጊዜ በአሽከርካሪው ብቻ የሚመዘን አይደለም። ገቢው በምልልስ ብዛት የሚወሰን ሰው ዝግ ብሎ እንዲወርድ ስንጠይቀው፣ የዘገየባትን ሰዓት ማን እንደሚከፍለው አብረን ልንጠይቅ ይገባናል።

ማጠቃለያና የቤት ሥራ

እንግዲህ አንባብያን፣ በመንገድ ላይ እጅግ ዝግ ብሎ የሚሄድ ረጅም ጭነት ስታዩ አትሰላቹ፤ ጡሩምባም አታብዙበት። ዝግታው የስሌት ውጤት ነው። በተለይም በመታጠፊያ ላይ በውስጠኛው በኩል ለማለፍ አትሞክሩ፤ የኋላ ጎማው የሚመጣው በዚያ ነውና።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። በኢተያ አካባቢ ለሚገኘው የአሰላ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተመረጡት 29 ተርባይኖች የክንፋቸው ክብ ዲያሜትር 132 ሜትር ነው፤ አንዱ ክንፍ ከ60 ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ተሳቢው ከሚያያዝበት ነጥብ እስከ ኋላ ጎማዎቹ ያለው ርቀት 40 ሜትር ቢሆንና መታጠፊያው እንደ ቀድሞው 50 ሜትር ሬዲየስ ቢኖረው፣ የኋላ ጎማዎቹ ባይመሩ ምን ያህል ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ? ቢመሩስ የተሳቢው መካከል ምን ያህል ይቆርጣል? የመጀመሪያው መልስ 20 ሜትር ነው፤ ሁለተኛውን እናንተ ድረሱበት። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ በምታውቁት አንድ አደባባይ ላይ ቆማችሁ በእርምጃ ለኩት። ያን ጊዜ የአሽከርካሪው ሥራ ምን እንደሆነ ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ እግራችሁ ይነግራችኋል።