የፊደል ካርድ ጨዋታ፦ የሚቀድመው እጅ ነው ወይስ ዓይን?

በዚህ እትም የትምህርት ዓምድ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ አንድ የካርድ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስላልኩ ካርታ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ። ወረታም ሆነ ሌላ ቦታ ካርታ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ቁማር ነው፤ መምህራን ኪሳችን ውስጥ ሲያገኙት ቢቀሙን አይፈረድባቸውም። የእኛው ግን ገንዘብ የማይያዝበት፣ ከአሮጌ ደብተር ሽፋን የሚቆረጥ፣ ላዩ ላይ ፊደል ብቻ የተጻፈበት ነው። ከቁማሩ እንዲለይ «ካርድ» እያልኩ እጽፋለሁ።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ካርዶቹ ይበወዙና ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ በጀርባው ይታደላል። የቀረው ክምር መሐል ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲባል ሁሉም ካርዱን ይገለብጣል። አሁን በእጃችሁ ባለው ካርድና በክምሩ ላይኛ ካርድ ላይ የሚገኝ አንድ የጋራ ፊደል አለ። እሱን ቀድሞ የጠራ የክምሩን ካርድ አንስቶ በራሱ ላይ ይደርባል። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው በአዲሷ ካርድ ነው። ክምሩ ሲያልቅ ብዙ ካርድ የያዘ አሸነፈ። ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ባንዴ ነው የሚጫወተው። ለዚህም ነው ጩኸቱ የሚበዛው፤ ከቤተ መጻሕፍት አጠገብ ባንጫወተው ይሻላል።

ሐሳቡን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2009 ፈረንሳይ አገር «ዶብል» በሚል ስም የወጣ ጨዋታ አለ። 55 ክብ ካርዶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ 8 ሥዕል አለ፤ ማንኛውም ሁለት ካርድ አንድ የጋራ ሥዕል አለው። ጃፓኖች ደግሞ «ካሩታ» የሚሉት አላቸው። አንባቢው የግጥሙን መጀመሪያ ሲያነብ ተጫዋቾቹ የግጥሙ መጨረሻ የተጻፈበትን ካርድ ለመንካት ይሽቀዳደማሉ። የጃፓኑን ያነሳሁት ካርዱ ላይ ያለው ጽሕፈት ስለሆነ ነው። እኛስ ከማን አንሰን በፊደላችን አንጫወትም?

ወደ አሠራሩ እንግባ። የለ ቤት ሰባት ነው፦ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ። ሰባት ካርድ ቁረጡና በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ፊደል እንዲህ ብላችሁ ጻፉ።

ለ ሉ ላ
ሉ ሊ ሌ
ሊ ላ ል
ላ ሌ ሎ
ሌ ል ለ
ል ሎ ሉ
ሎ ለ ሊ

እስቲ ሁለት ካርድ እንዳሻችሁ ምረጡ። አንደኛውንና አምስተኛውን ብትወስዱ የሚጋሩት ለን ነው። ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ብትወስዱ ል ነው። የትኛውንም ብትወስዱ አንድ ይገኛል፤ ሁለት ግን አይገኝም። ዝርዝሩን በቃል መያዝ አያስፈልግም። የመጀመሪያዋን ካርድ ካወቃችሁ እያንዳንዱን ፊደል አንድ ቤት ወደፊት መግፋት ነው፦ ግዕዙ ካዕብ፣ ካዕቡ ሣልስ፣ ራብዑ ኃምስ ይሆናል። ሳብዑ ላይ ሲደርስ ወደ ግዕዝ ይመለሳል። በቃ።

ግን ለምን ሁልጊዜ አንድ ብቻ? ይህን ጥያቄ ለሒሳብ መምህራችን አቅርቤ ነበር፤ «ፊደሎቹን በክብ ጽፈህ እርምጃ ቁጠር» አሉኝ። ሰባቱን ፊደላት እንደ ሰዓት በክብ ጻፉ። በመጀመሪያዋ ካርድ ላይ ካሉት ከለ ወደ ሉ 1 እርምጃ ነው። ከሉ ወደ ላ 2 ነው። ከለ ወደ ላ 3። ክቡን ዞረን ስንመለስ ከላ ወደ ለ 4፣ ከላ ወደ ሉ 5፣ ከሉ ወደ ለ 6። አያችሁ? ከ1 እስከ 6 ያለው እርምጃ ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ወጣ። ሁለት ካርዶች ደግሞ የሚራራቁት ከነዚሁ እርምጃዎች በአንዱ ነው። ያ እርምጃ በካርዷ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ስላለ የሚገናኙበትም ፊደል አንድ ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያዋ ካርድ ለ ሉ ሊ ብትሆን ኖሮ 1 እርምጃ ሁለት ጊዜ ይመጣና ጨዋታው ይበላሻል፤ ሞክሩት።

ሰባት ካርድ ለሁለት ልጅ እንጂ ለብዙ አይበቃም። ለአራትና ለአምስት ልጅ 13 ካርድ ሥሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ አራት ፊደል ይሆናል። ከሀ ጀምሮ 13 ፊደል ውሰዱ፦ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ ቀ በ ተ ቸ ኀ። የመጀመሪያዋ ካርድ ሀ ለ መ በ ናት። ሁለተኛዋ ለ ሐ ሠ ተ፣ ሦስተኛዋ ሐ መ ረ ቸ እያለ ይቀጥላል፤ ከኀ በኋላ ወደ ሀ ትመለሳላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይመጣል፤ እኔ ግን ችግሩን ወድጄዋለሁ። አንድ ልጅ «ሀ!» ብሎ ቢጮህ የትኛውን ሀ ማለቱ ነው? ስለዚህ ደንብ አወጣን። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ ተብሎ ካልተጠራ ካርዱ አይነሳም። አራተኛዋ ካርድ ላይ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ አብረው ስለሚገኙ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። ፊደላቱን በስማቸው መጥራት የቆሎ ተማሪ ብቻ የሚያውቀው ነገር ይመስለን ነበር፤ አሁን ቡድናችን ውስጥ የማያውቅ የለም።

የካርዱን ብዛት ማስላት ለምትፈልጉ፦ በአንድ ካርድ ላይ ያለውን የፊደል ብዛት ከእሱ በአንድ በሚያንሰው ቁጥር አባዙና 1 ደምሩ። ሦስት ሲሆን 3×2+1=7። አራት ሲሆን 4×3+1=13። ስምንት ሲሆን 8×7+1=57፤ የዶብል ሥዕሎች ብዛትም ይኸው 57 ነው። ሰባት ፊደል ስናደርግ 43 ይመጣል፤ ይሁን እንጂ በ43 ፊደል እንዲህ ዓይነት 43 ካርድ መሥራት ፈጽሞ እንደማይቻል የሒሳብ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። እንዳትደክሙ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ብዙ ልጆች በዚህ ጨዋታ ሲሸነፉ «እጄ ቀርፋፋ ነው» ይላሉ። ይህን በማስመሪያ መፈተሽ ይቻላል። ጓደኛችሁ የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ጫፉን ይዞ ቀጥ አድርጎ ያንጠልጥል። እናንተ ከታች ዜሮው ላይ አውራ ጣታችሁንና ጠቋሚ ጣታችሁን ሳታስነኩ ክፈቱ። ሳይነግራችሁ ሲለቀው ያዙት፤ የያዛችሁበትን ቁጥር አንብቡ። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከያዛችሁ 0.14 ሰከንድ ያህል ፈጅቶባችኋል። 15 ላይ 0.17፣ 20 ላይ 0.20፣ 30 ላይ 0.25 ሰከንድ ያህል ነው። በዚህች ቅጽበት ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ገባ፤ መልእክቱ በነርቭ አድርጎ ወደ አንጎል ኋለኛ ክፍል ደረሰ፤ አንጎል «ወደቀ! ያዝ!» አለ፤ ትእዛዙ በክንድ በኩል ወርዶ ጣት ተጨበጠ። ብዙ ሰው 0.2 ሰከንድ አካባቢ ነው።

ቁጥሮቹን እንያቸው። 15 ላይ የያዘውና 20 ላይ የያዘው ልጅ ልዩነታቸው የሰከንድ 3 መቶኛ ነው። የጋራ ፊደሉን ለማግኘት ግን ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ጊዜው የሚያልቀው እጅ ላይ ሳይሆን ፍለጋው ላይ ነው። ቅልልቦሽ ሌላ ነገር ነው፤ ጠጠሯ አየር ላይ እያለች የታችኞቹን መሰብሰብ ስላለብን እጅ ራሱ መፍጠን አለበት። በካርድ ግን የሚሮጠው ዓይንና አንጎል ነው።

ጀማሪ እንዴት ይፈልጋል? አንዱን ፊደል ይዞ ከአራቱ ጋር ያስተያያል፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። አራት ጊዜ አራት 16 ማስተያየት ነው። በዚያ ላይ ፊደላችን ይመሳሰላል። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች አንዲት ሰረዝ ነው። በለ ቤት ሊ ከእግሯ መስመር ትቀጥላለች፣ ሌ ደግሞ ቀለበት፤ በችኮላ በእስክርቢቶ ሲጻፉ አንድ ናቸው። የለመደ ልጅ ግን አያስተያይም። ካርዱን በጅምላ ያየዋል፤ ፊደሏ ራሷ ትመጣለታለች።

ይህ ደግሞ የፎገራ ሜዳ ልጅ በደንብ የሚያውቀው ነገር ነው። ሩዝ ገና ለጋ ሳለ ከሣር አረሙ ጋር መልኩ ተመሳሳይ ነው። ሳርም እኔ እያንዳንዱን ቅጠል ይዤ እመረምራለሁ፤ እናቴ ጭቃው ውስጥ ጎንበስ እንዳለች ወሬዋን ሳታቋርጥ አረሙን ብቻ ትነቅላለች። «እማዬ፣ እንዴት ለየሽው?» ስላት፣ «ያው ይታያል እኮ!» ነው መልሷ። ልብ በሉ፤ ሩዝ ለፎገራ የጥንት ሰብል አይደለም። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚሁ ቢኖረንም አያቶቻችን ልጆች ሳሉ ማሳው ላይ ሩዝ አያውቁም ነበር። ይህ ዓይን እንግዲህ ከአያት የተወረሰ ሳይሆን በአንድና በሁለት ትውልድ በልምምድ የመጣ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ወንጭፍ ይዘው ወፍ የሚጠብቁ ልጆችም ካርዱን ቶሎ ሲለምዱት አይቻለሁ፤ ሜዳ ሙሉ ሩዝ መሐል የምትንቀሳቀሰውን ለመለየት ዓይናቸው ሠልጥኗል መሰለኝ።

ሁሉም ግን በልምምድ አይፈታም። በቡድናችን አንዲት ልጅ አለች፤ ቀጥሎ ያለውን የጻፍኩት እሷ አንብባ ከፈቀደች በኋላ ነው። ስድስት ሆነን ሰፋ ያለ ክብ ሠርተን ስንጫወት ሁልጊዜ በባዶ እጇ ትነሳ ነበር። አንዳንድ ልጆች «ፈዛዛ» ማለት ጀምረው ነበር። አንድ ቀን ጥላ ፍለጋ ተጠጋግተን ስንቀመጥ ክምሩ እሷ ጉልበት ሥር ዋለ። በተከታታይ ሦስት ካርድ አነሳች። ክምሩ ወደ መሐል ሲመለስ እንደገና ምንም። ቦታ እየቀያየርን ደጋግመን አየነው፤ ቅርብ ሲሆን ታሸንፋለች፣ ሲርቅ ዓይኗን ታጨናብሳለች። ለካ ክፍል ውስጥም ከሰሌዳ ሳይሆን ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር ነው የምትገለብጠው። የክፍል ኃላፊ መምህራችን ይህን ሲሰሙ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት አመጧት። ወላጆቿም ሊያስመረምሯት ጤና ጣቢያ ሊወስዷት ነው። ምን እንደሚሏት ገና አላወቅንም። በማስመሪያው ፈተና ግን 14 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዛለች፤ ከሁላችንም ትቀድማለች።

ካርዱ የዓይን ምርመራ አይደለም። ሆኖም መምህራን ተማሪዎች ሲጫወቱ ካዩ አይቀር ማን ወደ ክምሩ እንደሚያጎነብስ፣ ማን ዓይኑን እንደሚጠብብ ልብ ቢሉልን እንለምናለን። ክበባችንም የለ፣ የመ እና የበ ቤት ካርዶችን አዘጋጅቶ በረቡዕ እረፍት ከ1ኛና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ጋር ለመጫወት ፈቃድ ጠይቋል። ፊደል ገና ያልለዩ ታናናሾቻችን አሉ፤ ሊ እና ሌን እየተሯሯጡ ቢለዩ ከፋ? ፈቃዱ እስኪመጣ ካርቶን ያላችሁ አምጡልን፤ የብስኩት ካርቶን ከደብተር ሽፋን ይበረታል።

በመጨረሻ የዚህ እትም ጥያቄ። ከሰባቱ የበ ቤት ካርዶች አንዷ በነፋስ ተወስዳ ጠፍታብናለች። የቀሩት ስድስቱ እነዚህ ናቸው፦

በ ቢ ባ
ቦ ቡ ቢ
ቡ ባ ቤ
ብ በ ቡ
ቢ ቤ ብ
ቤ ቦ በ

የጠፋችው ካርድ ላይ የነበሩት ሦስት ፊደላት እነማን ናቸው? እንዴት እንዳገኛችሁት ጭምር ጽፋችሁ፣ ስማችሁንና ክፍላችሁን አክላችሁ በክበቡ በር ላይ ባለው ሳጥን ክተቱ።